የአያቶቻችንን ስም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንፈልግ

ውድ አባላት፣

ብዙዎቻችሁ የዘር ሐረግ ቆጠራችሁ ከቅድመ አያት አላልፍ ብሏችኋል። ሽማግሌዎችን መጠየቁ እንዳለ ሆኖ፣ ወመዘክርንም (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍቱን) ሞክሩ። የድሮ ጋዜጦችና ብራናዎች እዚያ አሉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም አይታለፍ።

ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመውን አዲስ ዘመን ስታገላብጡ የሹመትና የሐዘን ዜናዎች ላይ ቆም በሉ።

ስም ላይ ግን አደራ። እኛ ዘንድ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለሆነ፣ በየትውልዱ መጠሪያው ይለወጣል። በዚያ ላይ አንዱ ሰው ጋዜጣ ላይ በማዕረጉ፣ ደብሩ ውስጥ በክርስትና ስሙ፣ ጦር ሜዳ ደግሞ በፈረስ ስሙ ይታወቅ ነበር። እነዚህን ሳትይዙ ከሄዳችሁ አያታችሁን አይታችሁ ታልፏቸዋላችሁ።

ለእኔ ትልቁ ሀብት የብራና ኅዳግ (የገጹ ጠርዝ ባዶ ቦታ) ነው። በተለይ ጎንደር አካባቢ፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ላይ ይጻፍ ነበር። የበርካታ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክር ስላለ፣ አሜሪካ ያላችሁም ዕድሉ አላችሁ።

የአያቶቻችሁን ስም፣ አገራቸውንና ደብራቸውን ጽፋችሁ ላኩልኝ። አብረን እንፈልጋለን።