የሕንፃው ሞዴል ስንት ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሕንፃ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሞዴሉን በኮምፒውተር ሠርተው የዓመት የኃይል ፍጆታውን የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች አዲስ አይደሉም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያሠራው ኢነርጂፕላስ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን ክፍያም አይጠየቅበትም። ባለቀለም ግራፍ ማውጣት ማንም ይችላል። ችግሩ ወደ ሶፍትዌሩ የገባው ቁጥር ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ሶፍትዌሩ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። አሠሪው «ቢሮ ከ2፡30 እስከ 11፡30 ነው» ያለው እንዳለ ከተጻፈ፣ ሠራተኛው በውድቅት ሌሊት ገብቶ ቀትር ሳይደርስ ይወጣል። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲመታ ሕንፃው ባዶ፣ ማቀዝቀዣውም ጠፍቶ ነው። ፍጆታው ትንሽ ሆኖ ሲታይ ሁሉም ደስ ይለዋል። መግባት የነበረበት 8፡30 እና 17፡30 ነው።

ሶፍትዌሩ የአካባቢውን ሙቀትና ፀሐይ በየሰዓቱ የሚያነብበት የአየር ጠባይ ፋይሉም መታየት አለበት። አሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) ለአዲስ አበባ ያዘጋጀው የቦሌ ፋይል እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1999 ከተመዘገበ መረጃ የተውጣጣ ነው። 8,760 ሰዓት ያለው አንድ ዓመት ይመስላል እንጂ ከተለያዩ ዓመታት የተመረጡ ወራት ተቀጣጥለው የተሠራ ነው፤ የዛሬውን አስፋልትና ኮንክሪት አያውቅም። ይህንኑ ፋይል ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ለምትገኘው አዳማ መጠቀም ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም።

ዋናው ጉዳይ መስታወት ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ 30 ካሬ ሜትር ተራ መስታወት እናስብ። ከሰዓት በኋላ በካሬ ሜትር 500 ዋት ፀሐይ ቢያርፍበትና 80 በመቶውን ቢያስገባ፣ ክፍሉ ውስጥ 12 ኪሎዋት ሙቀት አለ ማለት ነው። ከሦስት በላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢሮ ውስጥ እንደ መጣድ ነው። 30 በመቶ ብቻ የሚያስገባ መስታወት ቢሆን 4.5 ኪሎዋት ይሆናል። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከመስኮቱ በላይ የሚወጣው አግድም መከለያ በዚህ በኩል ብዙ አይረዳም፤ ቋሚ ክንፎች ወይም የመስታወቱን ስፋት መቀነስ ይሻላል። በሰሜኑ በኩልም «ሰሜን ፀሐይ አያገኘውም» የሚለው ከሌላ አገር የተቀዳ ልማድ ያሳስታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታጋድላለች፤ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ሞቃት ናቸው። በሞዴሉ ላይ የሰሜን አቅጣጫ በትክክል ካልዞረ ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። መስታወቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ሪፖርት ደግሞ ከመጋረጃ ምርጫ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም።

ስለ ከፍታው ባጭሩ፦ የከተማው የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ በባሕር ጠለል 101። ሶፍትዌሩ ይህን ያውቃል፤ የማቀዝቀዣው ካታሎግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እኩል ሙቀት ለማውጣት ፋኑ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አየር መግፋት አለበት።

ሕንፃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ሞዴሉን ከመብራት ቢል ጋር ማስተያየት ይገባል። የአሽሬ መመሪያ 14 በወር ስሌት ሞዴሉ ከቢሉ ያለው አማካይ መዛባት ከ5 በመቶ፣ የየወሩ ልዩነት መዋዠቅ ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ይላል። እዚህ ላይ ጄኔሬተር ይረሳል። መብራት በብዛት በጠፋበት ወር ቢሉ ያንስና ሞዴሉ ያጋነነ ይመስላል። ናፍጣው በሊትር ተመዝግቦ፣ አንዱ ሊትር በ3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ታስቦ መደመር አለበት። ይህን ትቶ፣ ቁጥሩ ከቢሉ ጋር እስኪገጥም ድረስ በስንጥቅ የሚገባውን አየር መጠን ከፍ ዝቅ ማድረግ ማስተካከል አይባልም።

አሠሪዎች ሪፖርት ሲረከቡ አባሪውን ይጠይቁ፦ የአየር ጠባይ ፋይሉ ስምና ዘመን፣ የሥራ ሰዓቱ ሠንጠረዥ፣ የመስታወቱ ዝርዝር፣ በካሬ ሜትር የተያዘው የመብራት ዋት። ሁለት ገጽ ይበቃዋል።

የሕንፃ ኢነርጂ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ