ሥልጠናው አለቀ፤ መረጃው ማን ጋ ቀረ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ አውሮፓ የደን ሕግና ስለ ቡናችን ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ «ለአርሶ አደሩ የአቅም ግንባታ ሥልጠና እየተሰጠ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አንብቤያለሁ። ውሸት አይደለም። ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ ከሠለጠኑት አንዱ እኔ ነኝ። ጌዴኦ ውስጥ የአንድ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ስሆን፣ ሁለት ቀን ሆቴል ተቀምጬ፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ አበሌን ፈርሜ፣ የቡድን ፎቶ ተነሥቼ ተመልሻለሁ። ቦርሳው ጥሩ ነው፤ እስካሁን ደረሰኝ እይዝበታለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ዘገባችሁ ስላልነካው ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ላልተከታተለ አንባቢ፦ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። በሕጉ መሠረት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም። ገዢው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ከነጥብ በኋላ እስከ ስድስት አኃዝ ድረስ፣ ማስመዝገብ አለበት። ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል። እኛ ጋ አራት ሄክታር ያለው ገበሬ ከየት ይመጣል? ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው ደኅና ባለ መሬት ነው፤ እሱም ሁለትና ሦስት ቦታ ተበጣጥሶ።

«አንድ ነጥብ» ሲሉት ቀላል ይመስላል። ከሥልጠናው በተመለስን በሳምንቱ፣ ለዚሁ ሥራ በጊዜያዊነት ከተቀጠረ አንድ ወጣት ጋር ስልክና የእርዳታ ፕሮጀክቱን ታብሌት ይዘን ወጣን። የጌዴኦ ቡና ሜዳ ላይ የተደረደረ አይደለም። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥር ቡና፣ መሀል መሀሉን እንሰት ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መልክዐ ምድሩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ አኗኗር አይቶ ነው። ስልኩ ግን ቅርስ አያውቅም። ጥላው ሥር እንደገባን ሰማያዊዋ ነጥብ አንዴ ጓሮ፣ አንዴ ከወንዙ ማዶ ትዘላለች። የስሕተቱን መጠን አሥራ ስምንት ሜትር ብሎ ራሱ ይነግረናል። በሩብ ሄክታር ማሳ ላይ አሥራ ስምንት ሜትር የተሳሳተ ነጥብ የጎረቤት ነጥብ ሊሆን ይችላል። ገላጣ ቦታ ስንፈልግ፣ ሰማይ እስኪጠራ ስንጠብቅ፣ ሲመሽ የቆጠርነው ዘጠኝ ገበሬ ሆነ። ማኅበራችን ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት።

ከዘጠኙ አንዱ ሽማግሌ ከኋላችን ዝም ብለው ሲከተሉ ቆዩና «ልጄ፣ ይሄ ለግብር ነው?» አሉኝ። «አይደለም አባባ፣ ለአውሮፓ ነው» አልኳቸው። «አውሮፓ የኔን ጓሮ ምን ይሠራለታል?» አሉና ቤት ገብተው አረንጓዴ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል እንደተጠቀለለ አመጡልኝ። ደብተሩ ካርታ የለውም። «በምሥራቅ እከሌ፣ በምዕራብ የከብት መንገድ» ይላል። ሰውየው የሚታወቁበት ስም፣ ደብተሩ ላይ ያለውና የማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው ደግሞ ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በሥልጠናው የታየን ስላይድ ስለዚህ አንድም ነገር አልነበረውም።

እንደ ምንም መረጃውን ሰበሰብን። ነጥቦቹ በአንድ መተግበሪያ በኩል ወደ አንድ ቦታ ተላኩ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታብሌቱ ተመለሰ፣ የይለፍ ቃሉም መሥራት አቆመ። ማኅበሩ አንድ ቅጂ የለውም። በቀጣዩ ዓመት እሸት መልቀም ስንጀምር ሌላ ገዢ የራሱን ልጆችና የራሱን መተግበሪያ ይዞ መጣ፤ እንደገና ሀ ብለን ጀመርን። እኚያ ሽማግሌ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተለክተዋል። በእጃቸው የገባ ወረቀት ግን የለም።

ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት የጊዜ ገደብም ነገር አለ። መጀመሪያ ታኅሣሥ 2017 ተባለ፤ ወደ ታኅሣሥ 2018 ገፋ፤ እንደገና ወደ ታኅሣሥ 2019 ተሸጋገረ፣ ለአነስተኞቹ ነጋዴዎች ደግሞ እስከ ሰኔ 2019። መገፋቱን አልጠላም። ግን ቀኑ በተገፋ ቁጥር ገንዘቡም አብሮ ይቆማል። ከእኔ ጋር የዞረው ወጣት ውሉ አልታደሰለትም፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ነጥብ እንዴት እንደሚወሰድ በደንብ የሚያውቀው እሱ ነበር። አቅም ገነባን የተባለው እሱ ላይ ነው፤ አሁን በባጃጁ ይዞት ይዞራል።

ሕጉን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ደኑ የእኛም ነው፤ የከፋና የሸካ ደን አልቆ ዝናቡን ከየት እናመጣለን? የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሕጉ ራሱ በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ እርሻን ከደን አይቆጥርም። ማሳውን ከሰማይ የሚያየው ካርታ ግን ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። አሁን አንድ ገበሬ ግብርና ባለሙያው ለዓመታት ሲመክረው እንደኖረው ያረጀ ቡናውን እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ግንዱን ቆርጦ ጎነደለ፣ የደረቀ ዋንዛ አብሮ ጣለ እንበል። ከላይ ሲታይ ያ ቦታ ተመነጠረ። ሃምቡርግ የተቀመጠው ገዢ ካርታው ላይ ቀይ ነገር ሲያይ ጉንደላ ይሁን ምንጠራ ሊያጣራ ጌዴኦ ድረስ አይመጣም። ወደ ሌላ አገር ቡና ይዞራል እንጂ። በዚያ ሰዓት «ይህ ማሳ ከ2013 በፊትም ቡና ነበር፤ ማስረጃው እነሆ» ብሎ የሚጽፍ፣ የድሮ የአየር ፎቶና የይዞታ መዝገብ አውጥቶ የሚከራከር የራሳችን ባለሙያ ያስፈልጋል። አቅም የምለው ይህንን ነው። ለእኔ ኬንትሮስ ምን ማለት እንደሆነ ሆቴል ውስጥ ማስረዳት ጥሩ ነው፤ ግን ያንን ሰው አይተካም።

ይህ ደግሞ የመጀመሪያችን አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው ተመታ። ቡናውን መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ የለንም ብለን ማልን፤ ኋላ ጥርጣሬው ወደ ጆንያው ዞረ። መሐላ ግን ከመርከብ የወረደን ቡና አያስመልስም። የጎደለን ከመጫኑ በፊት እዚሁ መርምሮ ውጤቱን ሌላው የሚያምንበት ላቦራቶሪ ነበር። በግሌ ያኔ ለማኅበሩ ጆንያ ስቆጥር የነበርኩ ልጅ ነኝ፤ ጆንያ ላይ እስከ ዛሬ ጠርጣራ ነኝ።

አባል አገሮች በዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባ ላይ በንግድና በአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ለታዳጊ አገሮች የቴክኒክ ድጋፍና የአቅም ግንባታ አስፈላጊ መሆኑን ዶሃ ላይ ተስማምተው በሰነድ ያሰፈሩት ኅዳር 1994 ዓ.ም. ነው። አጋጣሚ ሆኖ እኛም በዚያው ዓመት የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቁመን ነበር። ሚኒስቴሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቃሉ ግን በየሆቴሉ ባነር ላይ ዛሬም ትኩስ ነው።

ስለዚህ እርዳታ ሰጪዎቹ ይህን ካነበቡት ልጠይቃቸው የምፈልገው አለኝ። የሆቴሉን ገንዘብ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ስጡልን። ካርታ ያለው ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ደብተር ለሁሉም ቢዳረስ የአውሮፓም ጥያቄ፣ የድንበር ክርክርም፣ የስሙም ውዝግብ በአንድ ልኬት ይቃለላል፤ ቀያሹም ፕሮጀክት ሲያልቅ ወደ ባጃጅ አይሄድም፣ የወረዳ ሠራተኛ ነዋ። መረጃውን የሰበሰበ ሁሉ ደግሞ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንድ ወረቀት ለባለማሳው ሳይሰጥ ቀበሌውን አይልቀቅ። የእኛን መንግሥት የምጠይቀው ከዚያ ይከብዳል፦ ቀጣዩ ሕግ ብራስልስ ላይ ሲረቀቅ፣ ከጸደቀ በኋላ ሳይሆን ገና ረቂቅ ሳለ፣ ጉንደላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚያ ይኑረን።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ «ሥልጠና ተሰጠ» የሚል መግለጫ ሲደርሳችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት መረጃው አሁን ማን ጋ እንዳለ ደውላችሁ ጠይቁልን።

ባለፈው ወር እኚያ ሽማግሌ ቢሮ መጥተው «ያ ወረቀት አልመጣም?» አሉኝ። አልመጣም። ያን ቀን ስንለካ ስልኬ ላይ ያስቀረሁት ነጥብ ስለነበረ ቁጥሩን በሥልጠናው እስክሪብቶ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ የማኅበሩን ማኅተምም መታሁበት፣ ሕጋዊ ዋጋ እንደሌለው እያወቅኩ። አጥፈው ከአረንጓዴው ደብተር ጋር በዚያው ፌስታል ጠቅልለው ወሰዱት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ
ከጌዴኦ ዞን