ምስሉ የተነሳው በየትኛው ወር ነው?

ለአዘጋጁ፤

የወሎ ተራሮች አገገሙ ሲባል ደስ ይለኛል። ግን ከዜናው ጋር አረንጓዴ የሳተላይት ምስል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ወሩን ነው።

ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ነው የምኖረው፤ በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ መስከረም ላይ ከተነሳ ምስል የደን ካርታ ሠራን። ደን ብለን ቀለም የቀባነውን አንዱን ቁልቁለት ልናይ ብንሄድ የማሽላ ማሳ ሆኖ ቆየን። ባለማሳው "ደኔን ወደዳችሁት?" ብሎ ሳቀብን።

ካሜራ ያለው ሳተላይት የሚያየው ቀለም ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ጤፉም፣ ሣሩም፣ አረሙም አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው አያሳይም። ታዲያ ጥርን ጠብቀን ብናነሳስ? ደጋው ላይ ይሻላል፤ ሣሩ ደርቆ ጽዱና ወይራው ብቻ ለምልመው ይታያሉ። ቆላው ላይ ግን ብዙው ዛፍ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ካሜራው የለም ብሎ ያልፈዋል።

ራዳር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል፤ ደመናም ጨለማም አያግደውም። የሚመልስለት ቀለሙ ሳይሆን የቅጠሉ፣ የቅርንጫፉና የመሬቱ ቅርፅና እርጥበት ነው። ቅጠሉ የረገፈ ግራር እንኳ ቅርንጫፉ ያሳብቅበታል። የአውሮፓው የራዳር ሳተላይት፣ ሴንቲኔል 1፣ በ5.6 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ነው የሚሠራው። ሞገዱ አጭር ስለሆነ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ዘልቆ አይሄድም፤ ለእኛ ክትክታና አጋም ግን አያንስም።

ራዳርም ቢሆን ይሸወዳል። የቆመ ማሽላ ቁጥቋጦ ይመስለዋል፤ ዝናብ የጠጣ አፈርም ሞገዱን አጠንክሮ ይመልሳል። ገደሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ አምባሰል ባለ ቦታ አንዱ ጎን ያለ ልክ ይደምቃል፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በከፍታ መረጃ ማረምና ዓመቱን ሙሉ መከታተል ግድ ነው። ማሽላው ሲታጨድ ምልክቱ ይወርዳል፤ ክልክሉ ውስጥ ያለው እንጨት ግን አይወርድም። (ክልክል ያልኩት በቢሮ ቋንቋ "ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ" የሚባለውን ነው።)

ባህር ዛፉም የሚለየው እንዲሁ ነው። ይቆረጣል፣ ያቆጠቁጣል፣ ደግሞ ይቆረጣል። የብዙ ዓመት ምስል ሲደረደር እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል። ተከልሎ የሚያገግም የአገር በቀል ዛፍ ግን ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ባህር ዛፍ አልጠላም፤ ቤቴም የቆመው በእሱ ነው። ግን ሁለቱን በአንድ ቀለም ቀብቶ "ደኑ ተመለሰ" ማለት ልክ አይደለም።

የሴንቲኔሎቹ ታሪክ አጭር ነው። ሴንቲኔል 1 የመጠቀው በ2006፣ ካሜራ የያዘው ሴንቲኔል 2 ደግሞ በ2007 ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ምን እንደተተከለ፣ በ1983ቱ ግርግር ምን እንደተቆረጠ ለማወቅ ከ1964 ጀምሮ ያሉትን የአሜሪካውን የላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ማገላበጥ፣ ያኔ የነበሩትንም አባቶች መጠየቅ ነው።

የሴንቲኔሉም የላንድሳቱም ምስል በነፃ ይገኛል፤ ስለዚህ አቅም የለንም ማለት አይቻልም። ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። አረንጓዴ ካርታ ስታወጡ ከሥሩ የተነሳበትን ወር ጻፉልን፤ በራዳር መታየት አለመታየቱንም ጨምሩበት። ያ ባለማሽላ ጋዜጣ ያነባል።

አንባቢያችሁ፣
ከኮምቦልቻ