«ሞራው ይብሰል» እያልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ዓይን ሞራ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥሩ ነው። ግላኮማ የሚባለውን ሌላ የዓይን በሽታ ግን በአንዲት መስመር ነው ያለፋችሁት። የኔ ቅሬታ እሷ መስመር ላይ ነው።

አክስቴ ምስር ስትለቅም አንዲት ጠጠር አታመልጣትም። ያን ሰሞን ግን አጠገቧ ያለውን ረከቦት በእግሯ እየመታች ስንት ሲኒ ሰበረች። ትከሻዋ ከበሩ መቃን ጋር ይላተማል። «ሞራ ነው» አልን። ጎረቤቱም «ሞራ ካልበሰለ አይነሳም» አለን። ሁለት ዓመት ጠበቅን። ኋላ ስንወስዳት ባለሙያው የዓይኗን ግፊት ለካና «እማማ፣ ይሄ እንኳ ሞራ አይደለም» አላት። የግራው ዓይኗ ያኔ አልቆለታል።

ሞራ ማለት ከብሌኑ ኋላ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው። የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ አብዛኛው ሰው መልሶ ያያል። ይብሰል ብሎ መጠበቅም ድሮ ቀርቷል። ግላኮማ ሌላ ነው። ዓይን ውስጥ ሁሌ የሚመነጭ ፈሳሽ አለ። መውጫው በደንብ አላሳልፍ ሲል ግፊቱ ይጨምርና ምስል ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከዳር ይጀምራል፤ መሃሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። ምስሩ እየታያት ረከቦቱ የተሰወረባት ለዚህ ነበር። የተለመደው ዓይነት አያምም፣ አይቀላም። የሞተ ነርቭ ደግሞ በኦፕራሲዮንም አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው።

ሞራን ማስቀደማችሁ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ለሞራ፣ 5 በመቶ ያህሉን ለግላኮማ ነው የሰጠው። ግን ያ ግማሹ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ይሄ 5ቱ አይመለስም።

በዚያ ላይ ዓይናችን ባሳከከን ቁጥር ከፋርማሲ የምንገዛው ጠብታ አለ። ስቴሮይድ የሚባል ማሳከክና መቅላት የሚያስታግስ መድኃኒት ያለበትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት ስንጨምር ግፊቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ተገኝቷል!

በሽታው በዘርም ይሄዳል፤ ወንድም እህት ካለበት መለካት ነው። እናቴ የአክስቴ ታናሽ ናት። ባለፈው ወር ወሰድኳት፤ የእሷም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። በጊዜ ነው የተደረሰበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ግላኮማን ለብቻው ጻፉልን። እናቴ ማታ ማታ አንድ ጠብታ ታደርጋለች። «ሰዓቱ ደረሰ፣ ተነሺ እንጂ» እያለች የምታስታውሳት አክስቴ ናት።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ