የጂኦግራፊ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

መስከረም ላይ ያቀድነው የአዳማን ካርታ ለመሥራት ነበር። የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መናወጥ ሲበረታ ግን ተማሪዎቹ ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ እኔም ዕቅዱን ለጥያቄያቸው ለቀቅሁ። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እንደምትገኝ ሁሉም በፈተና ጽፎ ያውቃል። የኑቢያና የሶማሊያ የመሬት ንጣፎች በየዓመቱ በሚሊ ሜትሮች እየተራራቁ መሆናቸው የገዛ ቤታቸው ጉዳይ የሆነው ግን ዘንድሮ ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ ከወሬ ጋር ታገልን። «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል መልእክት በየስልኩ ይዞር ነበር። ቀንና ሰዓት ቆርጦ መተንበይ የሚችል ሳይንስ እስካሁን እንደሌለ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ ዐለት ከሥር እየገፋ መሬቱን እንደሚሰነጥቅ አባላቱ በየክፍሉ እየዞሩ በሥዕል አስረዱ። አንዲት ተማሪ አያቷ በ1953 ዓ.ም. የማጀቴ ከተማ በርዕደ መሬት ስትፈርስ ልጅ እንደነበሩ ነግራን የሰሙትን ጽፋ አመጣች፤ በጽሑፉ ላይ የተወያየንበት ቀን ከዓመቱ ሁሉ ጸጥታ የሰፈነበት ነበር።

የካቲት 7 ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ በሬክተር መለኪያ 6 የደረሰው መንቀጥቀጥ ከተማችንንም አዲስ አበባንም አናወጠ። ሰኞ ስንሰበሰብ ብዙዎቹ በደረጃ እየተጋፉ እንደወረዱ ተናገሩ። ይህ በጣም አስደነገጠኝ፤ መሬቱ እየተናወጠ በደረጃ መሮጥ ራሱ አጥንት ይሰብራልና። ስለዚህ ቀሪውን ዓመት ለልምምድ ሰጠነው፦ ጎንበስ ማለት፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ፣ መናወጡ ሲቆም ተሰልፎ ወደ ሜዳ መውጣት።

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ቤታችን ጠረጴዛ የለም፤ ምን ሥር ልግባ?» አለ። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መመሪያዎቹ የሚጻፉት ጠረጴዛ ላለው ቤት ነውና። ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ርቆ መሬት ላይ መንበርከክ፣ ራስንና አንገትን በክንድ መሸፈን፣ አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው ሆኖ ራስን በትራስ መከለል እንደሚገባ ተለማመድን። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ታናናሾቹን ማሠልጠኑን ነገረን።

የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያዎች በወላጆች ኮሚቴ እገዛ ከግድግዳ ጋር ታስረዋል። የቤተ ሙከራው ግን ገና ነው፤ የአሲድ ጠርሙሶቹም ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ናቸው። ትምህርት ሳይጀመር እንዲወርዱ ክበቡ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክቷል።