14ቱን ታስታውሻቸዋለሽ?

ለውድ እህት ዓለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልሽ መቅረቴን ከፍቅር መጉደል እንዳትቆጥሪብኝ እለምንሻለሁ። እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ስላላት ሥራዬን ትቼ ከአልጋዋ አጠገብ ስውልና ሳድር ከረምኩ። ዛሬ የምጽፍልሽ፣ የነርስነት ተማሪዎች ሳለን ሸምድደን ፈተና ያለፍንባት አሜሪካዊቷ ነርስ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን በዚህ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ስላስተማረችኝና ይህን ከአንቺ በቀር የማወጋው ሰው ስለሌለኝ ነው።

ሄንደርሰን ነርስ ሰውን ታግዝባቸዋለች ብላ የዘረዘረቻቸውን 14ቱን መሠረታዊ ፍላጎቶች በዜማ ስንደረድር መተንፈስ፣ መብላትና መጠጣት ብለሽ ትጀምሪና ዘወትር 13ኛውን፣ ጨዋታና መዝናኛን፣ ትዘይው ነበር። ስለ ሴትዮዋ ሕይወት ግን የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሄንደርሰን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ሲቲ ተወለደች፤ ያደገችው ግን ስሟ በተወሰደበት በቨርጂኒያ ግዛት ነው። በ1921 በዋሽንግተን ከነበረው የጦር ሠራዊቱ የነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቀች። በዚያ ዘመን ጥሩ ነርስ የምትባለው እጇ የፈጠነና የሐኪሙን ትእዛዝ ሳታጓድል የምትፈጽም ነበረች፤ እርሷን ግን ይህ አላረካትም። በኒው ዮርክ፣ በሄንሪ ስትሪት፣ ቤት ለቤት እየዞረች ሕመምተኞችን ስትረዳ፣ ከሆስፒታል ድኖ የወጣ ሰው ወደዚያው ወዳሳመመው ኑሮ እንደሚመለስ አየች። ኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ስታስተምር በርታ ሃርመር የጀመረችውን የነርስነት መማሪያ መጽሐፍ የማሻሻል ኃላፊነት ወደቀባት፤ ነርስነት ምን እንደሆነ በግልጽ ሳይበየን ስለ ነርስነት መጽሐፍ ማዘጋጀት ትክክል መስሎ አልታያትም። በ1955 በወጣው አምስተኛ እትም ያሰፈረችው ብያኔ እኛ ለፈተና ስንል የዋጥነው ነው።

ሐሳቡን በራሴ አማርኛ ላስታውስሽ። የነርስ ልዩ ተግባር፣ ሰው ታመመም ጤነኛም ቢሆን፣ ብርታቱ፣ ፈቃዱ ወይም ዕውቀቱ ቢኖረው ኖሮ ያለ ረዳት ይፈጽመው የነበረውን፣ ለጤናው፣ ለማገገሙ ወይም ለሰላማዊ ሞቱ የሚበጀውን ነገር እንዲፈጽም ማገዝ ነው፤ ይህም በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲችል በሚያደርግ መንገድ መሆን አለበት። ሞትን ከነርስ ሥራ ውስጥ ያለ ሐፍረት ማስገባቷ ዛሬም ይደንቀኛል። የመጨረሻዋን ሐረግ ግን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አገኘሁባት እንጂ ገብታኝ አታውቅም ነበር።

እንዳልገባችኝ ያወቅሁት በእናቴ ነው። ስምንት ወር ሙሉ አጥሚቱን በማንኪያ ሳጠጣት ግራ እጇ ጤነኛ ነበር፤ ራሷ ብትይዘው ግማሹ በነጠላዋ ላይ ስለሚፈስ፣ የእኔም እጅ ስለሚፈጥን፣ ማንኪያውን ቀማኋት። ብርታቷ ሳይጎድል ፈቃዷን የወሰድኩት እኔው ነበርኩ። አንድ ቀን አፏን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞርብኝ ምግብ የጠላች መስሎኝ ነበር፤ ማንኪያውን በግራ እጇ ሳስይዛት ግን ጨልጣ ጠጣች። ሄንደርሰን ነርስ ራሱን ለሳተ ሰው ልቡናው፣ እግሩን ላጣ እግሩ፣ ዓይኑ ለጠፋ ዓይኑ መሆኗን የጻፈችው ለጊዜው ብቻ እንደሆነ አጥብቃ ነው፤ እኔ ግን ጊዜያዊውን ለዘለቄታው አድርጌው ነበር።

ከ1953 ጀምሮ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ሥራ ብዙ አይነገርለትም። ከ1900 እስከ 1959 በእንግሊዝኛ የታተሙትን የነርስነት ጥናቶችና ጽሑፎች ከባልደረቦቿ ጋር አንድ በአንድ ለቅማ በአራት ቅጽ አወጣች፤ ከዚህ ሥራ የሚበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቅ አላውቅም። የዘመኑ ተመራማሪዎች ስለ ሕመምተኛው አያያዝ ከማጥናት ይልቅ ስለ ነርሶቹ ስለራሳቸው ማጥናትን እንደሚመርጡ አይታም በግልጽ ወቅሳለች። የመማሪያ መጽሐፏ ስድስተኛ እትም በ1978 ሲወጣ ዕድሜዋ 80 ደርሶ ነበር፤ መጽሐፉም ከ2,000 ገጽ በላይ ነው። ሰዎች የንድፈ ሐሳብ ሊቅ ሲሏት እርሷ ግን ንድፈ ሐሳብ ልፈጥር አልተነሣሁም ትል ነበር፤ እኔም አምናታለሁ፤ የማንኪያን ነገር የሚያውቅ ሰው ቃል ነውና። በ1996፣ በ98 ዓመቷ፣ በኮነቲከት ግዛት አረፈች።

እናቴ አሁን ማለዳ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አንሥታ ታማትባለች። ከግንባሯ እስከ ደረቷ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል፤ እኔም እጆቼን በነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ እጠብቃታለሁ። ይህ 11ኛው ነው፤ እንደ እምነት ማምለክ። 13ኛውን ግን እንደ አንቺው እኔም ዘልዬዋለሁ። የአንቺን ቀልድ እንዴት ትወደው እንደነበር ታውቂያለሽና፣ ለዕረፍት ስትመጪ በቅድሚያ ወደ እኛ ቤት ጎራ በይ፤ ቡናው በእኔ ነው።

የዘወትር ወዳጅሽ