የኮምፒውተርና ኔትወርክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«እነዚያ ሽቦ ሲቆርጡ የሚውሉት» የሚለው ስማችን በመምህራን ማረፊያ ክፍል እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይነሳ። ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ስድስት ኮምፒውተሮች ከኮምፒውተር ክፍሉ ጋር የተገናኙት የክበቡ 14 አባላት ቆርጠው በሠሩት ገመድ ነው።

መስከረም በምዝገባ፣ ጥቅምት በስብሰባ አለቀ። ኅዳር ላይ የገዛነው ገመድ ከንቱ ሆነ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሽፋኑ ላይ «ካት 6» የሚል ጽሑፍ (ከካት 5ኢ ከፍ ያለ የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ነው) እና ርካሽ ዋጋ አይቼ ገዛሁ። ሽቦው ግን ላዩን መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ኖሯል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል።

ለሁለተኛው ግዢ ልጆቹን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። አንዱ በምላጭ ናሙናውን ልጦ፣ ሽቦውን እየፋቀ ውስጡ ነጭ ይሁን ቀይ ሲመረምር ባለ ሱቁ «ወርቅ ነው እንዴ የምትገዙት?» አለ። እስከ ውስጡ ቀይ የሆነውን ካት 5ኢ ገመድ በአራተኛው ሱቅ አገኘን። ካት 6 ለምን አልሆነም ለሚሉ ወላጆች፦ ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ኮምፒውተር ክፍሉ በጣሪያው በኩል 74 ሜትር ነው። ካት 5ኢ በሰከንድ አንድ ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊቻችንም ከዚያ በላይ አይችልም። የተረፈው ገንዘብ ለኮኔክተር (ለገመዱ ጫፍ መሰኪያ) ዋለ።

አሁን ወደ የካቲቷ ቅዳሜ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ረጅሙን ገመድ ዘርግተው ጫፎቹ ላይ ኮኔክተር ገጠሙ። በገመዱ ውስጥ ያሉትን ስምንት ባለ ቀለም ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው በተርታ ደርድረዋል፤ ለዓይን ያምራል። የገመድ መፈተሻው ላይ ስምንቱም መብራቶች በየተራ በሩ፤ ተጨበጨበ። ፋይል ሲላክ ግን እየተንቀረፈፈ ይቆማል። ኮምፒውተሩ ተወቀሰ፣ ስዊቹ ተወቀሰ፣ የመብራቱ መዋዠቅም ሳይቀር ተወቀሰ።

በክበባችን አነጋገር አብረው የተጠመዘዙ ሁለት ሽቦዎች ባልና ሚስት ይባላሉ። ከምዝገባ ቀን ወዲህ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ ብዙ ቆየችና «መምህር፣ ሦስትና ስድስት ባልና ሚስት አይደሉም» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ገመዱን ተቀብያት አየሁ። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጠመዘዙት ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲነካና ተቀባዩ ልዩነታቸውን ብቻ ሲወስድ እንዲጠፋ ነው። በምንከተለው ደንብ ሦስተኛውና ስድስተኛው ቦታ አብረው ስለሚሠሩ የአረንጓዴው ጥንድ ነው፤ ሰማያዊው ጥንድ በመካከላቸው ይገባል። የእኛዎቹ አንዱን ቦታ ለአረንጓዴው፣ ሌላውን ለሰማያዊው ሰጥተውታል። መፈተሻው ሽቦው መድረሱን እንጂ ከማን ጋር ተጠምዝዞ እንደመጣ አይጠይቅም።

ሁለቱንም ጫፍ ቆርጣ እንደገና ጀመረች። የመጀመሪያው ኮኔክተር በእጇ መንቀጥቀጥ ተበላሸ። በሁለተኛው፣ ጥምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ ላለመፍታት ማስመሪያ አጠገቧ አስቀምጣ ደረደረች፤ ኮኔክተሩን ከገመዱ ጋር የሚያጣብቀውን መቆንጠጫ ለመጨበጥ ጉልበት ቢያንሳት በሁለት እጇ ተጫነችው። ፋይሉ ሳይቆም አለፈ። ከ12ኛ ክፍሎቹ አንዱ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

በሚቀጥለው ዓመት መዝገብ ቤቱን ልናገናኝ አስበናል። የሚያስፈልገን አንድ ባለ 305 ሜትር ካርቶን የንጹህ መዳብ ገመድና ሁለት መቆንጠጫ ነው፤ ያለው አንዱ የግሌ ሲሆን 14 ልጆች ተራ ይጠብቁበታል። የእግር ኳስ ቡድናችን ሁለተኛ ማልያ ሲገዛለት ከልብ ደስ ብሎናል። የእኛ ጥያቄ ከግንቦት ጀምሮ በሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ነው።